የማይከብድ ቦርሳ

አናጺው ቦርሳ የሚያማርጥ ሰው አልነበረም። ሃያ ዓመት ሙሉ አደን የወጣው ገመድ በተቋጠረለት አሮጌ ከረጢት ነው። ዛሬ ግን ይኸው ሦስተኛ ሱቅ ገብቷል።

«አንተ ሰውዬ፣ እኔን ስታገባ እንኳ እንዲህ አላማረጥክም!» አለችው ሚስቱ። ሻጩ ሳቀ። አናጺውም ለይምሰል ሳቀ።

ምን ያድርግ! ጉዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ከሁለት ወር ወዲህ ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል፣ ግራ እጁ ይደነዝዛል። ታላቅ ወንድሙ ደግሞ አምና አደን ላይ «ማንገቻው ይዞኝ ነው፣ ትንሽ ልረፍ» ብሎ እንደተቀመጠ ቀርቷል። ቦርሳውን ከሬሳው ጀርባ ላይ የፈታው ራሱ አናጺው ነበር። እና አሁን ሌት ተቀን ፈጣሪውን የሚለምነው አንድ ነገር ነው፤ ጥፋቱ የማንገቻው እንዲሆን። ማንገቻ ይቀየራላ! ሐኪም ቤት በር ድረስ ሁለቴ ሄዶ ሁለቴም ተመልሷል።

ሻጩ የራሱ አሠራር አለው። እሱ ዘንድ ቦርሳ መስታወት ፊት ቆሞ አይለካም። ትንንሽ የአሸዋ ከረጢቶች ይጨምርበታል፣ የወገቡን ቀበቶ ጠበቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ደንበኛውን ወደ ፎቅ በሚያወጣው ደረጃ ውጣ ውረድ ያሰኘዋል።

«ሸክሙ ዳሌዎ ላይ ይረፍ ጋሼ፣ ትከሻዎ ላይ አይደለም» አለው። በየዙሩ ከኋላው ዚፑን ከፍቶ «ላስተካክልልዎት» እያለ እጁን ይሰዳል።

አንደኛው ዙር ደህና ነበር። በሁለተኛው ደረቱ ጀመረው።

«ግራው ማንገቻ ይይዘኛል።»

ሻጩ አላላለት። በሦስተኛው ያው ነው። በአራተኛው ላብ አጠመቀው፣ የደረጃውን ብረት ሙጥኝ ብሎ ቆመ።

«ይሄም አልሆነም! ጠፍሮ ያዘኝ እኮ! ይሄን ሁሉ አሸዋ ማን ጫን አለህ?» ብሎ ጮኸ።

ሻጩ እጁን ከቦርሳው አውጥቶ ትክ ብሎ አየው።

«ምነው፣ ምላስህን ዋጥከው?» አለችው ሚስትየዋ።

«ይቅርታ ጋሼ» አለ ሻጩ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «እኔ በየዙሩ ከረጢት አወጣለሁ። ማንገቻው በስንት ኪሎ እንደሚይዝ የማውቀው በዚያ ነው። ለደንበኛ ከነገርኩት ሳይቀለው ቀለለኝ ስለሚል አልናገርም።»

«እና?» አለ አናጺው።

«ካለፈው ዙር ጀምሮ ቦርሳው ባዶ ነው።»

አናጺው ሚስቱን አያት። የቅድሙ ሳቅ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር፤ ዓይኖቿ ግን ገብቷቸዋል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ዓይኑን በጨው አጥቦ «ምኑ?» ሊላት ነበር። አልቻለም።

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ሁለት ወር ሙሉ አጠገቤ ተኝተህ!» አለች። አልጮኸችም። የወገቡን ቀበቶ ልትፈታ ጎንበስ አለች፤ መቆለፊያው ግን እምቢ አላት።

«ፈርቼ ነው» አላት። «አንቺ ካወቅሽ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ።»

ሻጩ ታክሲ ሊጠራ ወደ መንገዱ ሮጠ። ቀበቶው በመከራ ተፈታ።

«ሐኪሙ ፊት አንተ ትንፍሽ እንዳትል፤ የምናገረው እኔ ነኝ» አለችው።

«እሺ» አላት።

ይህ ሰው በኖረበት ዘመን ሁሉ ሳይከራከር እሺ ብሏት አያውቅም። ያን ጊዜ ነው እሷ ያለቀሰችው።