ትንኝ የማያሳልፈው የዶሮ ቤት

የዶሮ ቤቱ ቁመት እስከ ወገብ ነው። ግድግዳው ድርብ ጣውላ ሲሆን በመሀሉ ሰጋቱራ ተጠቅጥቆበታል። በበሩ ጠርዝ ዙሪያ የአሮጌ ብርድ ልብስ ቁራጭ በሚስማር ተመቷል። ውጭ ከብርዱ የተነሳ ውሃ በባልዲ ውስጥ እንዳለ ድንጋይ ይሆናል፤ ውስጥ አራት ዶሮዎች ቆጥ ላይ ተጠጋግተው ተኝተዋል።

አናጢው ቤቱን የሠራው ለአማቱ ነበር። አማቱ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤታቸውን ቆልፈው ልጃቸው ዘንድ ሲመጡ፣ ነፍስ ካለው ነገር ይዘው የመጡት በቅርጫት የተሸከሟቸውን ዶሮዎች ብቻ ነው። «ብርዱ አንዷን ከገደለብኝ የቀሩትን ይዤ ወደ ቤቴ ነኝ» ብለዋል። ሚስቱ ደግሞ እናቷ ያን ሁሉ ብርድ ብቻቸውን እንዲገፉ አትፈልግም። አናጢው ሻማ ለኩሶ ወደ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ አስጠጋ። ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም።

«ትንኝ እንኳ አታልፍም፣ እማማ።»

«ምስኪን ትንኝ! ውጭ ልታድር ነው» አሉ አማቱ።

አንድ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ ግድግዳው ከውስጥ በኩል አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኗል። የትልቋ ዶሮ የአናቷ ቀይ ሥጋ ጫፉ ጠቁሯል። አማቱ ወደ ቤት ተመለሱ። ወዲያው ድምፃቸው ተሰማ፦ «ልጄ፣ ያ ቅርጫቴ የት ነው?»

አናጢው ግድግዳውን በጣቱ ዳሰሰ። አመዳዩ ቀለጠ፤ ሥሩ ያለው ጣውላ ርሷል። ጥቂት ቆሞ አሰበና አማቱን ጠራ።

«ብርዱ አልገባም፣ እማማ። የዶሮዎቹ የራሳቸው ትንፋሽ ነው መውጫ አጥቶ እርጥበት የሆነው። አፍኜያቸዋለሁ።»

«እና?»

«እበሳዋለሁ።»

«ይሄን ቤት? ሳምንት ሙሉ ስትደባብሰው የከረምከውን?»

«ምን ላድርግ፣ እጄ ነው ያበዛው።»

አማቱ ፈገግ አሉ፤ ይዘውት የመጡትን ቅርጫት ግን ዶሮ ቤቱ በር ሥር አስቀመጡት።

አናጢው መጋዙን አምጥቶ ከጣሪያው ሥር፣ ፊትና ኋላ፣ ሁለት ክፍተት ቆረጠ። ነፋሱ ከዶሮዎቹ ራስ በላይ ያልፋል። ትልቋን አማቱ አቅፈው ያዙለት፤ እሱ የጠቆረውን ጫፍ በስሱ ቫዝሊን ቀባ።

«ከሚስትህ ይልቅ ለእሷ ታስባለህ» አሉት።

«ሚስቴ ቅርጫት አታዘጋጅብኝም።»

ከዚያ ወዲህ ዶሮ ቤቱ ውስጥ የተሰቀለው ቴርሞሜትር የሚያሳየው ከቀድሞው በሦስት ዲግሪ ያነሰ ነው። ግድግዳው ግን ደረቅ ነው። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር የአማቱ ቅርጫት የምድጃ ፍልጥ መያዣ ሆኖ ነበር። ቆጡ ላይ አራቱም ዶሮዎች አሉ፤ ከትልቋ አናት የጎደለው የትንሽ ጣት ጥፍር ያህላል።