የለም ያልነው ሂሂዋይ

በእኛ ሸለቆ ከወንዝ ሊለቅም የሚወጣ ሰው የት እንደሚሄድ አይናገርም። «ወዴት ነው?» ሲሉት «ዞር ዞር ልል» ይላል። «አገኘህ?» ሲሉት ደግሞ፣ ከረጢቱ ጀርባውን እያራሰው፣ «ኧረ ምንም የለም» ብሎ ያልፋል። እውነቱን ከተናገረማ በማግስቱ የሞሎካይ ደሴት ግማሽ ሰው ድንጋዩን ሲገለብጥ ያገኘዋል።

አጎቴ ሃናሌ በዚህ ውሸት ወደር የለውም። ሰባ ዓመቱ ነው፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሂሂዋይ ይለቅማል። ሂሂዋይ በቀዝቃዛና ፈጣን ውሃ ውስጥ ድንጋይ ላይ ሙጭጭ የሚል ጥቁር ቀንድ አውጣ ነው። እንቁላሉን ላይኛው ወንዝ ላይ ይለጥፋል። ልጆቹ ውሃው ጠርጎ ባሕር ያወርዳቸዋል፤ ከወራት በኋላ የጎመን ዘር አክለው፣ ተሰልፈው ሽቅብ ይመለሳሉ። ወንዙ ባሕር ካልደረሰ ግን መመለሻ የላቸውም። የእኛ ወንዝ ደግሞ ባሕር ካየ ስድስት ዓመቱ። ቦይ ቆፋሪዎች መጥተው ከወገቡ ቆርጠው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ ከታች ያለው የጎደሬ ማሳችን ተሰነጣጠቀ።

ሐምሌ ላይ ናካሶኔ የምትባል ልጅ ከውሃ ቢሮ መጣች። ጉልበቷ ተልጧል። በእኛ አገር ሽማግሌን ሁሉም አጎቴ ይለዋል፤ እሷም እንደዚያው።

«አጎቴ፣ ከቦዩ በላይ ሂሂዋይ ይገኛል? ልወጣ ሞክሬ ገደሉ መለሰኝ።»

«ኧረ የኔ ልጅ፣ እሱስ ድሮ ቀረ።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«አባቴ ካረፈ ወዲህ ያየሁ አልመሰለኝም።»

እኔስ ምን አንቀለቀለኝ? «ጣዕሙም ጠፍቶናል» ብዬ ጨመርኩበት።

ልጅቷ ከልቧ አዝና ጻፈች። ለምን እንደምትጠይቅ ልትነግረን አፏን ስትከፍት አጎቴ ማንጎ አሸከማትና ሸኛት። እንደሄደች ድስቱን ከፈትን። ጠዋት የለቀምነውን ሂሂዋይ ከሱቅ በገዛነው ፖይ በላነው፤ የራሳችን ጎደሬ ቢኖር ፖዩን እኛው እንወቅጠው ነበር። አጎቴ «ጣዕሙም ጠፍቶናል» እያለ እስኪያንቀው ሳቀ።

ጥቅምት ላይ ከውሃ ቢሮ ደብዳቤ መጣ። የአገሩ ፍጥረት የሚኖርበት ወንዝ ውሃው ይመለስለታል ይላል። በእኛ ወንዝ ግን ምንም ስለማይኖር ውሃው በቦዩ ይቀጥል፤ ጉዳዩም ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ይታይ። ማስረጃው የነዋሪዎች ቃል ነው። የእኔም የአጎቴም ስም ሳይሳሳት ተጽፏል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የኛውማ ወለምታም አልነበረም፣ አስበንበት ነው።

በማግስቱ አጎቴ ስምንት ሂሂዋይ ከነውሃው በባልዲ ይዞ ውሃ ቢሮ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

«ይኸው» አላት።

ናካሶኔ ጎንበስ ብላ ባልዲውን አየች። «መዝገቡ ተዘግቷል፣ አጎቴ። ደግሞ ከሌላ ወንዝ አለመምጣቱን በምን አሳያለሁ? ያኔ የለም ብለውኛል።»

«ያኔ ዋሽቼ ነው።»

«አሁንስ?»

አጎቴ ባልዲውን ወደ እሷ ገፋ አደረገው።

«ውሃውን ላስመልስላችሁ ነበር እኮ የመጣሁት» አለች። ብትቆጣን ይሻለኝ ነበር።

ስምንቱንም መልሰን ወስደን ድንጋያቸው ላይ አስቀመጥናቸው። ያን ቀን ከቦዩ በላይ ያለውን ኩሬ ሙሉውን ፈተሽን። ሁሉም ትልልቅ፣ ሁሉም ያረጁ ናቸው። የጎመን ዘር የምታክል አንዲት እንኳ አጣን። እነዚህ አሥር ዓመት አይቆዩም፤ እኔም አጎቴም እናውቃለን፣ አልተነጋገርንበትም።

ስንወርድ የሱቋ ባለቤት ሚስስ ካአዋ ደጅ ተቀምጣለች።

«ሃናሌ፣ አገኘህ?» አለችው እንደ ወትሮዋ።

«አለ» አላት። «ከሁለተኛው ፏፏቴ በላይ፣ በግራ በኩል። ሂጂና እዪው። ለሰውም ንገሪ።»

ሴትዮዋ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «አንተ አለ ካልክማ የለም ማለት ነው።»

«እውነቴን ነው» አላት አጎቴ፤ እሷ ይበልጥ ሳቀች። ባዶውን ባልዲ ከእጁ ተቀብዬ ወደ ቤት ወሰድኩት።