የአዴ ጂቱ ለሐፍ

«በመጨረሻማ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር አሉ» አለች ወሰኑ፣ ከትሪው ንፍሮ እየዘገነች። «የዚያችን የጎጆ ከተማ ሴትዮ ለሐፍ እንዴት አድርጎ እንዳበላሸው!»

«ምስኪን። ደግነቱ የድንቅቱ እጅ ደህና ነው» አለች አጠገቧ ያለችው።

ለቀስተኛ ሹክ ሲል ሐዘንተኛ የማይሰማ ይመስለዋል። ድንቅቱ ሁሉንም ሰማች። ባሏ መርጋ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። አምቦ ገበያ ዳር ሠላሳ ዓመት ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው፣ እጁ አንድ ቀን እንኳ ሳይንቀጠቀጥ ነው የሞተው። ለሐፉን ያበላሸችው እሷ ናት። ይህን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አሁን አንድ ቀረ።

ለሐፍ በመኪና መስፋት ከጀመረች ዓመት አልሞላትም። ከላይ ጨርቅ፣ ከሥር ጨርቅ፣ መሐሉ ጥጥ፤ ከዚያ መስመር በመስመር መውረድ ነው። መርጋ «ሁለት መስመር በሰፋሽ ቁጥር ገልብጠሽ እዪ» ይላታል። ንዝንዙ ሰልችቷት ነበር። እሱ ሸነን ከተማ ለቅሶ የሄደ ዕለት ብቻዋን እስከ መጨረሻው ነዳችው። ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለ ነው። ከሥር ግን የታችኛው ክር ላልቶ ተንጠልጥሏል። ሳታየው አጣጥፋ ለጎጆዋ ሴትዮ፣ ለአዴ ጂቱ ሰጠች።

አዴ ጂቱ በሳምንቱ ይዛው ተመለሰች። የልጇ እግር ጣት ክሩ ውስጥ ገብቶ፣ አንዱ ሲሳብ ሌላው ተተርትሮ፣ ጥጡ አንድ ጥግ ተከማችቷል። በዚያ በጎጆ ብርድ! ድንቅቱ አፏን ከመክፈቷ በፊት መርጋ ቀደማት።

«የኔ ጥፋት ነው፣ አዴ ጂቱ።»

ሴትዮዋ ገበያተኛው እየሰማ ሰደበችው። እሱ አንገቱን ደፍቶ ሰማ።

ስትሄድ ድንቅቱ ጮኸችበት። «ማን ጠበቃ አድርጎ ቀጠረህ?»

«አንቺ ገና ጀማሪ ነሽ» አላት። «አሁን ስምሽ ከጠፋ ደንበኛ አይመለስልሽም። እኔን ሠላሳ ዓመት ያውቁኛል፤ ይረሱልኛል።»

ሁለት ቀን ሙሉ ክሩን በምላጭ ፈቱት፤ ጥጡን እንደገና ዘረጉ። ከዚያ መኪናው ላይ እሷኑ አስቀመጣት፤ በየሁለት መስመሩ ራሱ እየገለበጠ አሳያት። የታረመውን ለሐፍ ይዞ ጎጆ ድረስ ሄደ። እያሳለ ተመለሰ፤ የሳንባ ምች ነው አሉ፤ ሳምንት አልቆየም።

ደግሞም አልረሱለትም። ስሙ የንፍሮ ማጣጣሚያ ሆነ። ድንቅቱን ያበገናት ይኸ ነው። በወሬኞቹ ተናደደች፣ በሟቹ ተናደደች፣ ከሁሉ በላይ በገዛ አፏ። ብትናገር ደግሞ ነገ ማን ጨርቅ ይሰጣታል? ከዚያች መኪና ሌላ መተዳደሪያ የላትም።

ከሰዓት በኋላ አዴ ጂቱ ራሷ ለቅሶ መጣች። ጫማዋ በጎጆ መንገድ ጭቃ ተለውሷል። ከድንቅቱ ጎን ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«ጀባዹ፣ ድንቅቱ፣ በርቺ። ሰው ሲደክም እጁም ይደክማል። እኔ እንደሁ ይቅር ብዬዋለሁ።»

«ምኑን?» አለች ድንቅቱ፣ ድንኳኑ ሁሉ እስኪሰማ። «ለሐፉን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ገልብጬ ሳላይ የሰጠሁሽም እኔ ነኝ። መርጋ ያን ቀን አምቦም አልነበረ።»

ጠዋት «የልጆቼን ዩኒፎርም አንቺ ነሽ የምትሰፊልኝ» ያለቻት ወሰኑ ዓይኗን ወደ መሬት መለሰች።

ጂቱ እጇን ለቀቀቻት። «ታዲያ አፍ አልነበረሽም? ያን ሁሉ ሳወርድበት ቆመሽ ታዪኛለሽ? አንቺ ግዴለሽ! አንቺ...» የት እንዳለች ትዝ አላትና አቆመች።

«ለሱ ያልሽው ይኸን ብቻ አይደለም» አለች ድንቅቱ። እንባዋ እየወረደ ነው። «ዕውር ብለሽዋል። የደሀ ጥጥ ሌባ ብለሽዋል። እጅህ ይቆረጥ ብለሽዋል። የኔ ነው፣ አዴ ጂቱ። አንድም ሳታስቀሪ ለኔ በዪኝ።»

ጂቱ ጎንበስ ብላ ከድንቅቱ ትከሻ የተንሸራተተውን ነጠላ አነሳችና መልሳ አለበሰቻት።