ሐኪሙ ያስያዘኝ ሦስት ቃል

ልጄ «መርሳት አብዝተሻል» ብላ ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። የማስታወስ ፈተናውን ከወደቅኩ እሷ ጋ ልገባ ነው፤ የቤቴን ቁልፍ እንኳ ከወዲሁ ቦርሳዋ ውስጥ ከታዋለች።

«እማማ፣ ማንኪያ፣ በር፣ ዝናብ። እነዚህን ይያዙልኝ፤ ቆይቼ እጠይቅዎታለሁ» አለ ሐኪሙ።

እኔ መነጽሬን የት እንዳኖርኩ አላውቅም። የጎረቤት ጉድ ግን የሠላሳ ዓመቱም አይጠፋኝ፤ ከአፌ አይወርድማ። መነጽሬን ለማን አወራዋለሁ?

ስለዚህ ሐሜት ፈጠርኩ። የልብስ ሰፊው ሚስት ባሏን በማንኪያ አናቱን ብላ በበር አስወጣችው፣ ዝናብ ሲደበድበው ዋለ። በሆዴ ደጋግሜ አማኋት።

ሲጠይቀኝ ከነታሪኩ ዘረገፍኩለት። ልጄ አንገቷን ደፍታ ቁልፌን መለሰችልኝ።

ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ ጠጋ አለኝ።

«እማማ፣ ለመሆኑ ሰውዬው ምን አድርጓት ነው?»