ባለማዞሪያው ቻርጀር

ወርቅቱ ሸነን ከተማ ላይ ሞባይል የምትጠግንበትና ባትሪ የምትሞላበት አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረቻት። ስሟን ያጠፋው የገጠሩ ደንበኛዋ የኦቦ ዱጋሳ ባትሪ ነው። መንደራቸው መብራት ስላልገባ፣ በገበያ ቀን እንደ ሰው ሁሉ የሞባይላቸውን ባትሪ ነቅለው ሰጥተዋት ሄዱ፤ ሲመለሱ አብጦ ዳቦ አክሎ ጠበቃቸው። ሰውየው ደግሞ ዝም የሚሉ አይደሉም፣ ገበያውን እየዞሩ አሳዩት። «ወርቅቱ ጋ የገባ ባትሪ ሳያረግዝ አይወጣም» የሚለው ቀልድ እጃጂ ከተማ ድረስ ተሰማ። ሰው ፊት እሷም አብራ ሳቀች፣ ቤቷ ገብታ ግን አለቀሰች። ደንበኛ ከሸሻት ሱቋን ዘግታ አምቦ ሰው ቤት መቀጠሯ ነው።

ችግሩን ታውቀዋለች። መብራት በምትኖርባት ጥቂት ሰዓት ሁሉም ከገበያ ሳልወጣ ይሙላልኝ ይላል። ኮረንቲውን ስትለቀው ትንንሾቹ ባትሪዎች ያብጣሉ፣ ስትቀንሰው ትልልቆቹ ሳይሞሉ ይመለሳሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ እንደ መጠኑ የሚለቅ ቻርጀር ልትሠራ ቆርጣ ተነሳች።

ከአሮጌ ሬዲዮ የድምፅ ማዞሪያውን ነቅላ ኮረንቲው በሚያልፍበት ላይ በየደችው። ወዲያው ጨሰ። ማዞሪያው ማዘዝ እንጂ መሸከም እንደማይችል የገባት ያኔ ነው። ሸክሙን ለወፍራም ትራንዚስተር ሰጠችው፣ ባትሪው ሲሞላም ኮረንቲው ራሱ እንዲቆም አደረገች። ሠራላት። በማዞሪያው ዙሪያ የሞባይሎቹን ስም እንደ ባትሪያቸው መጠን ጻፈችበትና የገበያውን ቀን መጠበቅ ጀመረች።

መጀመሪያ የመጡት፣ ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው፣ ኦቦ ዱጋሳ ናቸው። ወደው አልመጡም። ልጃቸው ዱሬቲ መውለጃዋ ደርሷል፣ አምቡላንስ የሚጠራው የሳቸው ስልክ ብቻ ነው፣ ሌሎቹ ሱቆች ደግሞ ሞልተዋል። ወርቅቱ የምን ሞባይል ባትሪ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። የአንድ ትልቅ ሞባይል ስም ነገሯት። ማዞሪያውን ወደ ላይ ልታዞር ስትል ባትሪው ጎን የተጣበቀ እጥፍ ካርቶን አየች።

«ኦቦ ዱጋሳ፣ ይሄ ካርቶን ምንድነው?»

«ባትሪው ስለሚያንስ እንዳይነቃነቅ ነዋ። ያለፈው ያበጠውም እንዲሁ ነበር። ገጠር ማን መርጦ ይከታል?»

ወርቅቱ ክው አለች። ለካ ስንቱ ሞባይል የሌላ ባትሪ በካርቶን አጣብቆ ነው የሚሄደው! የጻፈችውን ስም ሁሉ በቢላ ፋቀችው። በምትኩ ባትሪዎቹ ጀርባ ላይ የታተመውን የመጠን ቁጥር ጻፈችና ማዞሪያውን ዝቅ አድርጋ ሰካችው።

ኦቦ ዱጋሳ ንቅንቅ አላሉም። በየመሃሉ ባትሪውን እየዳሰሱ፣ ሊያሾፍ የተሰበሰበውን ሰው እየገላመጡ ቆሙ። እንኳን ሊያብጥ ለብ እንኳ አላለም። ሲሞላ ተቀብለው ወደ ዱሬቲ ገሰገሱ፣ እሷም ያብጥ ይሆን እያለች ሳምንቱን ሙሉ እንቅልፍ አጣች።

በሚቀጥለው ገበያ ሰውየው ትልቅ ጨርቅ ቋጥረው ሱቋ በር ላይ ቆሙ።

«ዱሬቲ ጤና ጣቢያ ገብታ በሰላም ተገላገለች። ስደውል አምቡላንሱ ደረሰልን። ገላቶሚ፣ ኢንታላ ኮ፤ አመሰግናለሁ፣ ልጄ።»

ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ ፈቱት። ትልቅ፣ ትንሽ፣ ወፍራም፣ ስስ፣ የመንደሩ ባትሪ በሙሉ ተዘረገፈ።

«ጎረቤቶቼ እሷ ጋ አንሰጥም ብለውኝ ነበር» አሉ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ዋሷ እኔ ነኝ ብያቸዋለሁ።»

ወርቅቱ ባትሪዎቹን ጀርባቸውን እያየች መደርደር ጀመረች፤ ጠረጴዛው አልበቃትም።