የመትረየስ አዲስ ላፕቶፕ

መትረየስ ያሉት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ስሙን ያተረፈው በጠብ እንዳይመስላችሁ፤ በጣቶቹ ነው። የሚሠራበት ቢሮ የፍርድ ቤት ችሎት ድምፅ ወደ ጽሑፍ የሚገለበጥበት ነው። ዳኛው፣ ጠበቃው፣ ምስክሩ በማይክሮፎን የተናገሩትን አሥራ ሁለት ሰዎች በጆሮ ማዳመጫ እየሰሙ ቃል በቃል ይጽፋሉ። ከአሥራ ሁለቱ አሥራ አንዱ ዓይናማ ናቸው። አንዱ ዓይነ ስውር ነው፤ ከሁሉም ፈጣኑ ደግሞ እሱ። ጠረጴዛው ሥር ያለውን ፔዳል በቀኝ እግሩ እየረገጠ ድምፁን ያቆማል፣ ይመልሳል፣ ይለቃል፤ ሌላው አንድ ገጽ ሲጨርስ እሱ ሦስተኛው ላይ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው ነው ሁለት ሳምንት ሙሉ እግሩ መርገጫ ያጣው።

ነገሩ የመጣው በስብሰባ ነው፤ መቼም ክፉ ነገር ሁሉ የሚመጣው በስብሰባ ነው። ኃላፊዋ ሠራተኛውን ሰብስባ ከሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ጀምሮ ቢሮው ዊንዶውስን ትቶ ወደ ማክ ኮምፒውተር እንደሚዛወር ተናገረች። ለምን ሲሏት ለሥራው ይበጃል ብላ አለፈችው። እያንዳንዱ ሰው ገበያ ወጥቶ፣ በእጁ ሞክሮ፣ ከማኮቹ የሚመቸውን ላፕቶፕ መርጦ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲያሳውቅ አዘዘች። የማይመቸው ካለ ደግሞ ለብቻው መጥቶ ያናግረኝ አለች። መትረየስ ይህችን የመጨረሻዋን ሲሰማ፣ ይቺ ለእኔ ናት አለ በልቡ።

ለምን እንደፈራ ልንገራችሁ። እሱ ስክሪን ስለማያይ፣ አንድ ፕሮግራም ስክሪኑ ላይ ያለውን ሁሉ በጆሮው ያነብለታል። አነባበቡ የሰው ንግግር አይደለም። ፍጥነቱን በየዓመቱ ከፍ ሲያደርገው ኖሮ አሁን ለሌላ ሰው ጣሳ ውስጥ የገባ ንብ ነው፤ ለእሱ ግን እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማዋል። ማውስ የሚባል ነገር አይነካም። ሁሉም ነገር በቁልፍ ነው፤ ቁልፉን የሚያውቀው ደግሞ ጭንቅላቱ ሳይሆን ጣቱ ነው። ፋይል የሚዘጋው በየትኛው ነው ብትሉት ጣቶቹን አየር ላይ ካላንቀሳቀሰ አይመልስላችሁም። አሁን ያንን ሁሉ ጣልና እንደ አዲስ ጀምር ተባለ።

እስኪለምድ ቀርፋፋ ይሆናል። ቀርፋፋ ከሆነ ደግሞ ወዴት እንደሚልኩት ያውቀዋል፤ መግቢያው በር አጠገብ ካለችው ስልክ ጋ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት ሲቀጠር እዚያ ነበር ያስቀመጡት። ዓይነ ስውር ሲቀጠር ስልክ ላይ ይቀመጥ ብሎ የደነገገው ማን እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ያስቀምጡታል። ፈትኑኝ፣ ፈትኑኝ እያለ ሁለት ዓመት ለምኖ ነው ከዚያች ወንበር የተነሳው። ተመለስ ቢሉት የሚሞት ነበር የመሰለው።

የመጀመሪያው ሱቅ የሄደው ከታላቅ እህቱ ጋር ነው። እትዬ ይላታል። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ አብረው ይኖራሉ፤ ምላሷ እንደ መርፌዋ ነው። ሻጩ ገና ከበሩ ጀምሮ የሚያናግረው እሷን ነበር። እሳቸው ለምን ዓይነት ሥራ ነው የሚፈልጉት ይላታል፣ እሳቸው የተባለው ሰውዬ ክርኑ አጠገብ ቆሞ። ከዚያ ስለ ስክሪኑ ጀመረ፤ ድምቀቱን፣ ቀለሙን፣ ፀሐይ ላይ እንኳ እንዴት እንደሚነበብ። ቀኑን ሙሉ ቢያፈጡበት ዓይን አያደክምም ሲል እትዬ አላስቻላትም። የእሱ ዓይን ደክሞት ካረፈ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ይልቅ ስለሌላው ንገረን አለችው። ሻጩ ምስኪን ከዚያ በኋላ ስለ ስክሪን አላነሳም።

መትረየስ አልሳቀም። ማኩን አስከፍቶ፣ ማንበቢያውን አስነስቶ፣ ጣቶቹን አሳረፈ። ወዲያው ጠፋበት። በትንሿ ጣቱ ይጫነው የነበረው አሁን የአውራ ጣት ሥራ ሆኗል። አንዱን ልዝጋ ሲል ሌላ ይከፈታል፤ ልመለስ ሲል ጭራሽ የት እንዳለ አያውቅም። ድምፁን እንደለመደው ቢያፈጥነው እሱም እንደ ሌላው ሰው ንብ ብቻ ሰማ። ዝቅ አደረገው፣ አሁንም ዝቅ፣ እስኪያፍር ድረስ ዝቅ። አንድ መስመር ለመጻፍ አራት ደቂቃ ፈጀበት። ሻጩ ያንን የዘገመ ድምፅ ሲሰማ ደስ አለውና አሁን እኔም ገባኝ፣ ጎበዝ ነዎት እኮ አለው። ዓይኑ የጠፋ ሰሞን፣ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ከአልጋው እስከ በሩ በራሱ ሲሄድ ልክ እንዲህ ነበር የሚሉት። መትረየስ ላፕቶፑን ከደነና እንሂድ እትዬ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሰውየውን ማን ይያዘው። ሰኞ አንድ ሱቅ፣ ማክሰኞ ሁለት ሱቅ፣ ረቡዕ ተመልሶ የሰኞው ሱቅ። ትንሹ ደስ ይለዋል፣ ቁልፎቹ ይጠጋጉበታል፤ ትልቁ ደስ ይለዋል፣ ጉልበቱ ላይ ይከብደዋል። ፔዳሌ ይሠራበታል ወይ ብሎ ይጠይቃል። አንዱ ሻጭ ይሠራል አለው፣ ሌላው አይሠራም አለው፣ ሦስተኛው ፔዳል ያለው የልብስ ስፌት መኪና ብቻ ነው የማውቀው አለው። ማታ ማኩን እወስዳለሁ ብሎ ይተኛል፤ ጠዋት ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ብሎ ይነሳል። ቢሮ ውስጥ ከወንበሩ ንቅንቅ የማይል የነበረ ሰው በየሩብ ሰዓቱ ውኃ ልጠጣ እያለ ይወጣ ጀመር። ቤት ሲገባ ደግሞ ከማድቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ ማድቤት። ወይ ቁጭ በል ወይ ውጣ፣ ምንጣፉን ጨረስከው እኮ ትለዋለች እትዬ። አንድ ቀን ልታጽናናው ብላ ቀስ በቀስ ስትል፣ ያን የእንቁላል ተረት እንዳታመጪብኝ ብሎ አቋረጣት።

በመጨረሻ አንድ ውሸት አሰበ። የጆሮ ሐኪም አዲሱ ድምፅ ይጎዳሃል ብሎኛልና እኔን በዊንዶውሱ ተዉኝ እላታለሁ አለ። እትዬ ሰምታ ሰምታ፣ ጆሮህንም በሽተኛ ልታደርገው ነው፣ የቀረህ እኮ እሱ ነው አለችው። ቢሆንም ውሸቱን ይዞ አደረ።

ዓርብ ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ቢሮ ገባ። ለኃላፊዋ የሚላትን እያነበነበ መጠጥ ውኃው አጠገብ ቆሞ ሳለ ከስስ ግድግዳው ማዶ ሁለት ሰዎች ገቡ። አንዱን በሳሉ አወቀው፤ ሁሉም አጎቴ የሚሉት፣ ጡረታ ሊወጣ ስምንት ወር የቀረው ሽማግሌ ነው። ሌላዋ ከእሱ ጎን የምትሠራው ልጅ ናት። አጎቴ ተማሯል። በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ቆጠራ ልመለስ ይላል፤ ሱቅ ገብቼ ብሞክረው ቁልፉ ሁሉ ተዘበራረቀብኝ ይላል።

"ይሄ ሁሉ እኮ ለመትረየስ ሲባል ነው" አለ ቀጥሎ። "ማኩ ራሱ ይናገራል አሉ። ለእሱ እንዲናገርለት አሥራ ሁለት ሰው ይንቀዋለላል።"

ልጅቷ ቀስ በል ይሰማሃል አለችው። እሱ ገና አልገባም አላት።

መትረየስ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ፊቱ ነደደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሊያስወጡኝ ነው ብሎ የፈራው ነገር ለካ ለእሱ ተብሎ የተሸረበ ነው። የጆሮ ሐኪሙን እዚያው ጥሎት ግድግዳውን በእጁ እየዳበሰ፣ መዳበስ ሳያስፈልገው እየዳበሰ፣ ወደ ኃላፊዋ ክፍል ሄደ።

ኃላፊዋ ድሮ አጠገቡ ተቀምጣ ትጽፍ ነበር፤ አምስት ዓመት ጎን ለጎን። ከፍ ካለችም በኋላ አንቺና አንተ መባባላቸው አልቀረም። ሲገባ ወንበር ልትስብለት ስትነሳ ሰማት። እሱ ግን አልተቀመጠም።

"ቢሮውን የምታዛውሪው ለእኔ ብለሽ ነው?"

ማን ነገረህ አለችው፤ ማንም ይንገረኝ አላት። ካደች፣ ዞር ዞር አለች፣ ኋላ ግን ተነፈሰችው። ካቻምና የሚያነብለት ፕሮግራም ጠዋት ድንገት ዲዳ የሆነበት ቀን ነበር። የሚጠግን ሰው እስከ ማታ አልተገኘም።

"አየሁህ" አለችው። "እጅህን ጉልበትህ ላይ አድርገህ ቀኑን ሙሉ ተቀመጥክ። እንዳይታወቅብህ ፈገግ ትል ነበር። ያን ቀን ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።"

ከዚያ ወዲያ ማክ ያለ ማንም እርዳታ ራሱ እንደሚናገር አነበበች። የበላዮቿን ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቅ ቆየች። ለእሱ ያልነገረችው ይሉኝታ እንዳይዘው፣ የሰው ሸክም ሆንኩ እንዳይል ብላ ነው። መትረየስ ያን ቀን ማንም አላየኝም ብሎ ነበር የኖረው። ንዴቱ ግን አልበረደም፣ እንዲያውም ባሰበት።

"የሚናገረው ማክ ብቻ መሰለሽ?" አለ። "ዊንዶውሱም እኮ ይናገራል። እኔ ሌላ ፕሮግራም የምጠቀመው ጆሮዬ ስለለመደው ነው። አምስት ዓመት አጠገቤ ተቀምጠሽ፣ የቱ ይሻልሃል ብሎ መጠየቅ እንዴት አቃተሽ?"

"እንዳይከፋህ ብዬ ነው።"

"ይኸው ከፋኝ።"

እሷም ተከፋች፤ ከአተነፋፈሷ ያስታውቃል። የላፕቶፖቹ ምርጫ ዝርዝር የሚላከው ከምሳ በፊት መሆኑን ነገረችው። አንድ ቃል በለኝ፣ ሁሉንም አስቀረዋለሁ አለችው፤ ለበላዮቼ የምላቸውን እኔ አውቃለሁ።

ሁለት ሳምንት የተመኘው ይህንን ነበር። አንድ ቃል ብቻ፣ ከዚያ ጣቶቹ ወደሚያውቁት ይመለሳሉ፣ አጎቴም ይመርቀዋል። አፉን ከፈተ፣ ቃሉ ግን አልወጣም። ዛሬ ቢቀር ከርሞ ሌላ ይመጣል። ያኔም እንዲሁ ከሱቅ ሱቅ ሊንከራተት ነው፣ ያኔም ውሸት ሊፈጥር ነው። ደከመው። ይኼኔ ነው ወንበሩን ዳብሶ የተቀመጠው።

"የፈራሁት ማኩን አይደለም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሌላ ሰው ሲንቀረፈፍ ቀርፋፋ ነው ይባላል፣ ያልፋል። እኔ ስንቀረፈፍ ግን ዕውር ነው የምባለው። አሥራ ሁለት ዓመት የሮጥኩት ይህን ላለመስማት ነው።"

ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ስታስቀምጥ ተሰማው።

"አታስቀሪው። ማክ ስጪኝ፣ ትንሹን። ግን ስልኩ ጋ አልሄድም። ሦስት ወር ይሁን አራት ወር፣ በገዛ ወንበሬ ላይ ቀርፋፋ ሆኜ ልቀመጥ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።"

"ስልኩ ጋ ማን ይሂድ አለህ?" አለች ግራ ገብቷት። እንዲህ ያለ ነገር በሐሳቧም አልነበረ። ሰዎቹ ሳይጠያየቁ ስንቱን አስበው፣ ስንቱን ፈርተው፣ ስንት ሱቅ አዳርሰው ኖሯል። መትረየስ መሳቅ አማረው፣ ግን አልሳቀም። በቃ ጻፊልኝ አላትና እስክትጽፍ ጠበቀ።

ማኮቹ የመጡት ወሩ በገባ በመጀመሪያው ሰኞ ነው። ያን ዕለት ጠዋት ቢሮው ውስጥ ሁሉም ተንቀረፈፈ፤ ይህ ቁልፍ የት ሄደ፣ ያ ቁልፍ የት ገባ ሲባባሉ ረፈደ። እስከ ቀትር ግን ዓይናማዎቹ ያዩትን እየያዙ ተላመዱ። አጎቴ እንኳ እየተራገመ አምስት ገጽ ጨረሰ። መትረየስ ሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። የሚያነብለት ድምፅ እንደ ሕፃናት መምህር አንድ በአንድ ይናገራል፤ ጣቱ ጠብ ይላል፣ ይቆማል፣ ይሳሳታል፣ ያጠፋል፣ ደግሞ ጠብ ይላል። ያ የተኩስ ድምፅ የለም። መጥፋቱን ክፍሉ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ከምሳ በኋላ ኃላፊዋ ለነገ መድረስ ያለበት ችሎት መጣ እያለች ገባች። ረጅም ነው፣ ስድስት ምስክር የተሰማበት። መትረየስ እርምጃዋን ያውቀዋል። ድሮ ቢሆን ቀጥ ብላ ከእሱ ጋ ትመጣ ነበር፣ ኃላፊ ከሆነች ጀምሮ እንዲያው ነው። አሁንም መጣች፤ ጠረጴዛው ዘንድ ስትደርስ እግሯ አመነታ። ከዚያ አለፈችው። ሁለት ወንበር አልፋ ከአጎቴ ዘንድ ቆመችና እባክህ ይህንን ያዝልኝ አለችው።

መትረየስ የለመነውን ነው ያገኘው፣ ቃሏንም ጠብቃለታለች፣ ቢሆንም አቃጠለው። ሁለቱ እጆቹ ለመነሳት የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዙ። ክፍሉ ውስጥ ያሉት ምን ሊል ነው ብለው የሚጠብቁት መሰለው። እጆቹን አንሥቶ ወደ ቁልፎቹ መለሳቸው፣ የተሳሳተውን ቃል አጠፋ፣ እንደገና መጻፍ ጀመረ።