ስድብ ይፈቀዳል፣ ምክር ክልክል ነው

ሞቱማ ሪሞቱን በሁለት እጁ ጨብጦ በቀኝ በኩል ያለውን ሰማይ ትክ ብሎ ያያል፣ አውሮፕላኗ ግን በግራ በኩል ናት።

ኤቢሳ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ሞቱማ እኮ ነው፣ ለቀልድ ሲል የራሱን ሽምግልና ሊያበላሽ የነበረ ሰው። "አንተ፣ እዚያ ማንን ቀጥረሃል?" ሊለው አፉን ከፈተና ተወው። ፊቱ ላይ የቀልድ ምልክት የለም። ግንባሩ በላብ ርሷል፣ ጆሮውን ደግሞ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ያዘነብላል፣ በጨለማ የጅብ ድምፅ እንደሰማ ሰው።

"ያ ሞቱማ! እሷን አውሮፕላን ትላታለህ? ክንፍ ያበቀለች የቤት ጥራጊ!" ይላል ገለታ ከኋላ ሆዱን ይዞ።

ሞቱማ ግን ቃል አይመልስም። ይሄ ደግሞ ሌላው ነገር ነው፣ እሱ ስድብ ሳይመልስ ውሎ አያውቅም።

ሦስቱም የአምቦ ልጆች ናቸው፣ አብሮ አደጎች። ሞቱማ የአምቦ ጌዶ ሚኒባስ ሾፌር ነው፣ ገለታ ረዳቱ፣ ኤቢሳ ደግሞ ታፔላ ጻፊ። ሰው ሁሉ እሁድ እሁድ ኳስ ሲያይ እነሱ ጎልማሳ ሆነው፣ ልጅ ወልደው፣ አውሮፕላን ይሠራሉ። አጥንቷ ከሸነን የመጣ ቀርከሃ፣ ሥጋዋ የቴሌቪዥን ካርቶን ውስጥ የሚገኘው ነጭ ፎም፣ ሞተሩና ሪሞቱ ከመርካቶ። የመጀመሪያዋን በሁለት ሺህ ስድስት ሲያበሩ ሦስቱም ባንድ ላይ አፋቸውን ከፈቱ። አንዱ ግራ አለ፣ አንዱ ቀኝ አለ፣ አንዱ ሳብ ሳብ አለ፣ አውሮፕላኗም የጎረቤት ተዝካር ላይ ሄዳ ጠላ ጋን ውስጥ ገባች። ዘመድ ወዳጁ ዱላ ይዞ እስከ ወንዙ ድረስ ነው ያባረራቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሕግ ወጣ፦ አውሮፕላን ሰማይ ላይ እያለች ለነጂው ስድብ ይፈቀዳል፣ ምክር ክልክል ነው። የመከረ ሰው ስሙ ከክንፏ ላይ ይፋቃል። አንድም ጊዜ ግን ተፍቆ አያውቅም።

የዛሬዋ ትልቋ ናት። ቀይ ስለሆነች ዲምቱ ብለዋታል። የዘንድሮ ሰማይ ላይ የሚጮህ ነገር ዝም ተብሎ አይለቀቅም፣ ስንት ደጅ ተጠንቶ ነው ፈቃድ የተገኘው። የተፈቀደውም ከጌዶ ወጣ ብሎ ያለው ሜዳ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ሚሊሻው ኦቦ ሌንጂሳ ቆሞ እያየ። "ከባሕር ዛፎቹ ካለፈች የምጠየቀው እኔ ነኝ፣ ከእኔ ቀጥሎ ደግሞ እናንተ፣" ብሏል ገና ሳይነሱ። ባሕር ዛፎቹ በግራ ናቸው። ከነሱ ወዲህ ደግሞ ግማሽ ጌዶ ሊያይ ወጥቶ ሣሩ ላይ ተቀምጧል፣ ሕፃን ያዘለ፣ ሸንኮራ የሚገምጥ፣ የሚንጫጫ።

ዲምቱ አሁን ፊቷን ያዞረችው ወደነሱ ነው።

በዚያች ቅጽበት ኤቢሳ በቀልድ ሲያልፈው የከረመው ነገር ሁሉ ባንዴ መጣበት። ዲምቱ የግድ ቀይ ትሁን፣ በጣም ቀይ፣ ክንፏም ይርዘም ያለው ሞቱማ ነው። ኤቢሳ ሲቀባት "ሰርገኛ ልታስመስላት ነው?" ብሎ ስቆበት ነበር። ክንፏ ጫፍ ላይ የሚያፏጭ ቆርቆሮ ያሰረውም እሱ ነው፣ "ጌዶ መምጣታችንን ይስማ" ብሎ። ገለታ ደግሞ ካለፈው ክረምት ጀምሮ አንድ እሮሮ አለው፣ "ሰውዬው ማታ መሥራት ትቷል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚስቱ ሽሮ ይናፍቀዋል።" ሁሉም ስቀው ነበር። ሞቱማም ስቋል።

አያይም። ሰውዬው አያይም እኮ! በፉጨቱ ነው ሲያበራት የቆየው። አሁን ደግሞ ነፋስ ተነሳና ፉጨቱን በላው።

"ኤሬ! ወደ ሰው እየመጣች ነው እንዴ?" አለች አንዲት ሴት ከሣሩ ላይ ብድግ ብላ።

ኤቢሳ ግራ፣ ቀኝ ብሎ ቢጮህ በቃ አለቀ። ይሄ ሁሉ ሰው፣ ኦቦ ሌንጂሳ፣ ገለታ፣ ሁሉም ያውቃል። ጌዶ መናኸሪያ ነገ ጠዋት ሌላ ወሬ አይኖርም፦ ሞቱማ ዓይኑ ጠፍቷል፣ እኛን ሲነዳን የነበረው ዕውር ነው። ዝም ቢል ደግሞ ያቺ ሁሉ ቀርከሃ፣ ያ የሚሽከረከር ስለት፣ ሕፃን ላይ።

ሜዳው ላይ ፊታችሁን ወደ ተራራው አድርጋችሁ ስትቆሙ አምቦ በቀኛችሁ ነው፣ ነቀምቴ በግራችሁ። ኤቢሳ ሁለት እርምጃ ጠጋ አለና ባለ በሌለ ድምፁ ጮኸ፦

"አንተ ሾፌር ተብዬ! ተሳፋሪው አምቦ እያለህ ነቀምቴ ይዘኸው ትጠፋለህ?"

የሞቱማ ትከሻ ክው አለ። ቀጥሎ አውራ ጣቱ ሪሞቱ ላይ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ፣ ዲምቱም ባሕር ዛፎቹ ጋ ሳትደርስ ክንፏን አዘንብላ ዞረች። ሣሩ ላይ የነበረው ሕዝብ እልል አለ። ሆን ተብሎ የታየ ትርኢት መስሎት ነው።

ገለታ በሳቅ ፈነዳ። "ተወው ባክህ፣ ነቀምቴ ይሂድ! እዚያ የሚያውቀው ትራፊክ የለም!"

"ገለታ፣ አፍህን ዝጋ!"

"ምነው? ስድብ እኮ ነው! አይፈቀድም?"

"ያንተ ስድብ ከትናንት የተረፈ ነው፣ ሻግቷል! ዛሬ እኔ ነኝ የምሰድበው!"

"ቶሌ፣ እሺ። ስደብ ጌታዬ። ምን ነክቶታል ይሄ ሰውዬ?"

ዲምቱ ቀኙን ይዛ እየራቀች ነው፣ ቀይ ነጥብ ልትሆን ምንም አልቀራት።

"አምቦን አለፍከው እኮ! ጊንጪ ልትወስደን ነው? መልስ እንጂ፣ የሰው ሚስት እየጠበቀች!"

መለሳት።

"የጉደር ቁልቁለት ላይ ነዳጅ የሚረግጥ እብድ አንተን ብቻ ነው ያየሁት!"

የሞተሩ ጩኸት ረገበ። ዲምቱ መውረድ ጀመረች። ሞቱማ ከንፈሩን ነክሶ ይዞታል፣ ዓይኖቹ ሰማይ ላይ ናቸው ግን ምንም ላይ አላረፉም። ኤቢሳ አጠገቡ ሆኖ ትንፋሹን ይሰማዋል። እየተሰደበ እንዲህ አምኖ እጁን የሰጠ ሰው አይቶ አያውቅም።

"ቀጥ አድርገህ ያዝ መሪውን! ጠጥተሃል እንዴ?"

ቀጥ አለች።

"ጎርባጣ መጣ፣ ቀስ! ቀስ በል አንተ አህያ! የአሮጊቶቹን ወገብ ሰበርከው እኮ!"

ሞቱማ አፍንጫዋን በቀስታ ቀና አደረጋት። የዲምቱ ሆድ ሣሩን ነካ፣ ነጠረ፣ እንደገና ነካ፣ እየተንሸራተተች ሄዳ ቆመች። አንዱ ክንፏ ጫፍ ላይ ትንሽ ተልጣለች፣ ሌላ ምንም አልሆነችም። ሕዝቡ ጮኸ፣ ኦቦ ሌንጂሳም ጠመንጃውን ትከሻው ላይ አመቻችቶ አጨበጨበ።

"ኤቢሳ መክሯል!" ገለታ እየዘለለ መጣ። "ይሄ ስድብ አይደለም፣ ትራፊክ ማስተናበር ነው! ስሙ ይፋቅ!"

"ስድብ ነበር፣" አለ ሞቱማ ግንባሩን እየጠረገ። "አንጀቴ ድረስ ነው የገባው። አይፋቅም።"

ሊያነሳት ሄደ። ኤቢሳ ተከተለው። ሞቱማ ሣሩ መሐል ሲደርስ ቀይዋን ዲምቱ፣ ያቺን የሚያህል ነገር፣ በአራት ክንድ ርቀት አልፏት ሄደ። ኤቢሳ አነሳትና ጠራው።

"እዚህ ናት።"

ሞቱማ ዞረ። ፈገግ ሊል ሞከረ፣ አልሆነለትም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አለ ኤቢሳ።

"ምኑ?"

"ሞቱማ፣ ማሎ፣ እባክህ።"

"ከጥምቀት ወዲህ ነው የባሰው፣" አለ መሬት መሬቱን እያየ። "ቀን ደህና ነኝ። ቅርብ ደህና ነኝ። ሩቅ ያለ ነገር ነው ጭጋግ የሚሆንብኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ... በቃ ይጨልማል።"

"ለንሳ ታውቃለች?"

"ሚስቴ? በአንድ ሌሊት አርጅታ ትሞትብኛለች።"

"ሐኪምስ?"

"ምን ልለው? ታየሁ ማለት መንጃ ፈቃዴን አስረከብኩ ማለት ነው።"

"የዓይን ሞራ ከሆነ እኮ ይገፈፋል። ስንቱ ተገፍፎለት ጋዜጣ ያነብ የለም?"

"ካልሆነስ?"

ሞቱማ ዲምቱን ከእጁ ወስዶ ክንፏን በጣቶቹ ዳበሰው፣ ሦስቱ ስም የተጻፈበትን ቦታ።

"መሪ ከለቀቅኩ ምንድን ነኝ ኤቢሳ? ገለታስ ምን ይበላል? ከእኔ ጋር ያረጀ ረዳት ማን ይወስደዋል? አፉን ታውቀዋለህ።" ፊቱን ወደ ፀሐይዋ አዞረ። "ዛሬም በጊዜ ልመለስ ነበር። እሷ ባትሪዋ አልሞላ ብሎ ነው ያስመሸን።"

እውነትም መሽቷል። ፀሐይዋ የነቀምቴን ኮረብታዎች ልትነካ ነው። አስፋልቱ ዳር የቆመው ሚኒባስ ደግሞ መሙላት ጀምሯል፣ ገለታ በሩን ይዞ "አምቦ! ጉደር፣ አምቦ! የመጨረሻ ነው!" እያለ ይጮሃል። ደግሞም የመጨረሻ ነው። ከዚህ ሰዓት በኋላ በዚህ መንገድ የሚንቀሳቀስ መኪና የለም፣ ጊዜው እንደዛ ነው። የቀረ ጌዶ ያድራል።

"ስማኝ፣" አለ ሞቱማ፣ ክንዱን ጥብቅ አድርጎ ያዘው። "ጋቢና ከእኔ ጎን ትቀመጣለህ። ልክ እንደ አሁኑ ትሰድበኛለህ። እስከ አምቦ። መንገዱ ጭንቅላቴ ውስጥ አለልኝ፣ እያንዳንዱን ጉድጓድ። አንተ ጭንቅላቴ ውስጥ የሌለውን ብቻ ንገረኝ፣ አህያ ካለ፣ ሰው ካለ፣ ከባድ መኪና ከመጣ። ሰው ይስቃል እንጂ ማን ይጠረጥራል? ዛሬ ብቻ። ነገ ሐኪም ቤት አብረን እንሄዳለን፣ እናቴን።"

"አውሮፕላን እና ሰው አንድ ነው እንዴ?"

"አሁን ሰው ላይ እንዳትወድቅ ያደረጋት ማን ሆነና ነው?"

ምን ይባላል ለዚህ? ዲምቱን ተሸክመው ወደ መኪናው ሄዱ። ገለታ ዲምቱን ጣራ ላይ አስሮ እንደ ሙሽራ አልጋ አሳመራት። ውስጥ ሰው ሞልቷል። ሁለት ዶሮ የያዘ ሰውዬ፣ ከቸርች የሚመለሱ እናቶች፣ ግድግዳው ላይ ተደግፎ እንቅልፉን የጀመረ ተማሪ። አያንቱ የምትባል የጉደር ሴት ሕፃኗን ደረቷ ላይ ጠቅልላ የጋቢናውን በር ይዛ ቆማለች።

"ኦቦ ሞቱማ፣ ማሎ፣ ፊት ልቀመጥ። ልጄን ኋላ ሲሆን ያስመልሰዋል።"

"ዛሬ አይሆንም እህቴ፣" አለ ሞቱማ። "ዛሬ እዚህ የሚቀመጠው ኤቢሳ ነው።"

"እሱ ደግሞ ምን ሆኖ? ያረገዘ ነው?"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። አያንቱም ራሷ እየሳቀች ወደ ኋላ ገባች፣ ገለታ ቦታ አስለቅቆ መስኮት አጠገብ አስቀመጣት። ሞቱማ መሪው ኋላ ገብቶ ቁልፉን ለመሰካት ሞከረ። አንዴ ሳተው። ሁለተኛ ሳተው። ከኤቢሳ ሌላ ያየ የለም። በሦስተኛው ገባ፣ ሞተሩ ተነሳ።

"ግባ እንጂ!" አለ ገለታ። "አንተን ስንጠብቅ ሊነጋ ነው!"

ኤቢሳ የጋቢናውን በር ይዞ ቆመ። ከፊት የሚወርደው መንገድ ይታየዋል፣ ከዳሩ ከብት የሚነዱ ሰዎች እየደበዘዙ ነው፣ የመጀመሪያው መታጠፊያ ጨለማ ውስጥ ገብቷል። ከጎን ሞቱማ ፊቱን ወደሱ አዙሮ ይጠብቃል፣ ዓይኖቹ ግን ከጆሮው ትንሽ ወዲያ ያለውን አየር ነው የሚያዩት።

ኦቦ ሌንጂሳ ቀስ ብሎ መጣና በሩ አጠገብ ቆመ። አንዴ ኤቢሳን፣ አንዴ ሞቱማን አየ።

"ምነው ቆማችሁ? ችግር አለ እንዴ?"

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው አንገቱን አሰገገ። ሞቱማ በሹክሹክታ፣ ለኤቢሳ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ስደበኝ በናትህ፣" አለው።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ እግራችሁ አንዱ ጋቢናው ላይ አንዱ አስፋልቱ ላይ ሆኖ፣ የልጅነት ጓደኛችሁ እንዲህ እየለመናችሁ፣ የአያንቱ ሕፃን ከኋላ ተኝቶ፣ ለኦቦ ሌንጂሳ ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር?